«ፀሐይነሽ» ልበለው ወይስ «ትዝታ»? ለአንዲት ፎቶ አንሺ የንግድ ስም ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ሦስት ዓመት ሙሉ በግሌ ፎቶ እያነሳሁ ቆይቻለሁ፤ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ አልፎ አልፎም የድርጅት ሥራ። እስካሁን ሰው የሚያገኘኝ በስልኬ ነው። አሁን አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የስድስት ወር ሥራ ሊሰጠኝ ፈልጎ ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ጠየቀኝ። ፈቃዱን ላወጣ ተነስቼ ስም ላይ ቆምኩ። ሦስት አስቤያለሁ፤ አንደኛው በራሴ ስም ‹ፀሐይነሽ ፎቶግራፊ›፣ ሁለተኛው ‹ትዝታ ስቱዲዮ›፣ ሦስተኛው ደግሞ ቪዲዮ ከሚያነሳው ጓደኛዬ ጋር ሆነን ከሁለታችን ስም ቆርጠን የቀጠልነው፣ መጨረሻው ‹ፒክቸርስ› የሚል ስም ነው። የቱን ልውሰድ? ስም ይህን ያህል ያስጨንቃል ወይ?» ፀሐይነሽ፣ ከአዲስ አበባ

ሰላም ፀሐይነሽ፣

ቀን እየቆጠርሽ ስለሆነ መልሱን ላስቀድመው። በራስሽ ስም አውጪው፣ ከነአባትሽ ስም። «ትዝታ ስቱዲዮ»ን ተዪው። ከጓደኛሽ ጋር ያዋቀራችሁትን ስም ደግሞ አሁን አትንኪው፣ ምክንያቱን እነግርሻለሁ። ያስጨንቃል ወይ ላልሽው፣ አዎ ያስጨንቃል። ካሜራ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ስም ግን በፈቃዱ፣ በማኅተሙ፣ በደረሰኙ፣ በውሉ፣ በባንክ ደብተሩና በሰው ስልክ ውስጥ አንዴ ከገባ በኋላ ማውጣቱ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው።

እኔ ከ1988 እስከ 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ፊልም አጥበን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አትመን፣ ኋላም ዲጂታሉ ሲመጣ ከልጆች እኩል ተምረን የሠራንበት ቤት ነው። አሁን እንዳንቺ በግላቸው የሚሠሩ ልጆችን በፈቃድ፣ በውልና በስም ጉዳይ እመክራለሁ። ብዙዎቹ ወደ እኔ የሚመጡት ስሙን ካወጡ በኋላ፣ ችግሩ ሲመጣ ነው። አንቺ ቀድመሽ ጠየቅሽ፤ ደስ ብሎኛል፣ ስለዚህም በሰፊው ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ዘመድ ቤት ቅልቅል ተጠርቼ ነበር። አጠገቤ የሙሽሪት አክስት ተቀምጠው የሰርጉን ፎቶ በስልካቸው ለጎረቤታቸው ያሳያሉ። ፎቶዎቹ እውነትም ያምሩ ነበር፤ አባትየው ልጃቸውን ሲመርቁ የተነሳችው በተለይ፣ መስኮቱ ብርሃኑን ከጎን ሰጥቶ የሽማግሌው እጅ ላይ ብቻ ያሳረፈበት። ጎረቤትየዋ «ማን ናት ያነሳችው? የእኔም ልጅ ለሚያዝያ ነው» አሉ። አክስት አሰቡ። «እ… ምን ነበር ስሙ… ‹ፒክቸርስ› የሚል አለበት። ቆይ፣ ልጅቷን ልጠይቃት።» ልጅቷ ወዲያ ማዶ በዘመድ ተከብባለች። ወጡ ቀረበ፣ ወሬው ተቀየረ። ጥያቄው ተመልሶ አልተነሳም።

ያቺ ፎቶ አንሺ አንድ የሚያዝያ ሰርግ እንዳመለጣት እስከዛሬ አታውቅም። ሥራዋ አላነሰም፣ ዋጋዋም አልበዛም። ስሟ ከአክስት አፍ ሊወጣ ስላልቻለ ብቻ ነው። የሰርግ ሥራ በእኛ አገር በዋናነት የሚሄደው በአፍ ነው፤ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ሙሽሮቹን ያመጡ ይሆናል፣ ገንዘቡን የሚከፍሉትና «እገሊት ታንሳችሁ» ብለው የሚወስኑት ግን ብዙ ጊዜ እናቶች፣ አክስቶችና ታላላቅ እህቶች ናቸው። ስለዚህ ለእኔ የስም የመጀመሪያ ፈተና ይህ ነው፤ አንዲት የስልሳ ዓመት እናት አንዴ ሰምተው በማግስቱ ለሌላ ሰው ሊናገሩት ይችላሉ ወይ?

ይህን መፈተን ቀላል ነው። እናትሽን ጨምሮ ሦስት ሰው ምረጪ፤ አንዱ ዕድሜው የገፋ፣ አንዱ አማርኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ፣ አንዱ እኩያሽ። ስሙን በስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ንገሪያቸው፣ አትድገሚው። በማግስቱ ደውለሽ «ትናንት ያልኩሽ ስም ምን ነበር?» በያቸው። ከዚያ በመልእክት እንዲጽፉልሽ ለምኛቸው። የሚነግሩሽንና የሚጽፉትን ከራስሽ ጋር አስተያዪው። ሦስቱም ስሞችሽን በዚህ አሳልፊያቸው፣ የእኔን ምክር ለማመን የሚያስፈልግሽን ያህል ታያለሽ።

አሁን ወደ ስሞቹ። ከሦስተኛው ልጀምር፣ የሚያሳስበኝ እሱ ስለሆነ። የሁለት ጓደኛሞችን ስም ቆርጦ መቀጠል በከተማችን ተለምዷል። ሲሠራ ደስ ይላል፣ የጋራ ልጅ የመሰየም ያህል ነው። ነገር ግን አንቺ አሁን የምታወጪው የግለሰብ ንግድ ፈቃድ ነው፤ በሕግ ፊት ነጋዴዋ አንቺ ብቻ ነሽ። ግብሩም፣ ዕዳውም፣ ለግብረ ሰናይ ድርጅቱ የምትገቢው ግዴታም ያንቺ ነው። ጓደኛሽ ስሙ ውስጥ አለ፣ ፈቃዱ ውስጥ ግን የለም። ነገ ብትለያዩ፣ አልተጣላችሁም እንበል፣ እሱ ውጭ አገር ሄደ፣ ስሙ የማን ነው? የቴሌግራም ቻናሉስ? ሁለት ጎበዝ ልጆች በዚሁ ጉዳይ ቤቴ መጥተው ነበር። የገጹን የይለፍ ቃል አንዱ ይዞታል፣ ፈቃዱ በሌላው ስም ነው፣ የአምስት ዓመት ሥራቸው እዚያ ገጽ ላይ ነው። ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ሁለቱም ከሰሩ። አብራችሁ መሥራታችሁን ቀጥሉ፤ ሥራ ሲመጣ አንቺ ፎቶውን፣ እሱ ቪዲዮውን፣ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ሁለት ዓመት ቆይታችሁ አሁንም አንድ ቤት መሆን ከፈለጋችሁ በ2013 በወጣው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ ማኅበር አቋቁሙ፤ ያኔ ስሙ የማኅበሩ ይሆናል፣ የእናንተ ድርሻም በመመሥረቻ ጽሑፉ ይታወቃል። የተቀጣጠለው ስም እስከዚያ ይቆይላችሁ።

«ትዝታ»ን የማልወደው ቃሉ ስለሚያስጠላ አይደለም። ከአማርኛ ቃላት ሁሉ ልቤን ከሚነኩት አንዱ ነው። ግን ሁለት ነገር አለበት። አንደኛ፣ እጅግ ብዙ ሰው ደርሶበታል። ፎቶ ቤት፣ ሙዚቃ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ አልበም ሻጭ ሳይቀር «ትዝታ» ይላል። ፍለጋ ላይ ብትጽፊው መጀመሪያ የሚመጣልሽ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የሆነው የትዝታ ቅኝትና በሱ የተዘፈነው ዘፈን ሁሉ ነው፤ አንቺ ከዚያ ሥር ነሽ። ሁለተኛ፣ ትዝታ ያለፈን ነገር፣ የራቀን ሰው የሚያስብ ቃል ነው። ሙሽሪት ነገዋን እያየች ወደ አንቺ ስትመጣ ያንን ቃል በሩ ላይ ታገኘዋለች። ለሐዘን ቤት የሟች ፎቶ አጉልቶ ለሚሠራ ሰው ቢሆን ኖሮ ሌላ እል ነበር።

ቃል ስትመርጪ በመዝገበ ቃላት ያለውን ትርጉም ብቻ አትመልከቺ፣ በሰው ሆድ ውስጥ ያለውንም አስቢ። ጥቂት ምሳሌ ልስጥሽ፣ ሁሉም ሰዎች ለእኔ ያቀረቡልኝ ስሞች ናቸው። «ዓይን» የሚል ቃል ለፎቶ አንሺ ይመቻል አይደል? ግን አራስ ልጇን ልታስነሳ የምትመጣ እናት ቤት ውስጥ «ዓይን» ማለት ሌላ ነው። ልጄን ዓይን እንዳይበላው ብላ ፊቱን ሸፍና የምትመጣ እናት «ዓይን» ከሚል በር ስትገባ ምን እንደሚሰማት አስቢ። «ጥላ»ም እንዲሁ፣ ብርሃንና ጥላ ለእኛ ሙያችን ነው፣ ለሌላው ግን ዓይነ ጥላ ነው። «ጨረር» ያለኝ ልጅ ነበር፤ እኔ ወዲያው የታወሰኝ ራጅና የካንሰር ሕክምና ነው። «ሥዕል» ስትይ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ቅዱስ ሥዕልን ያስባል፣ ለጭፈራ ፎቶ ቃሉ ይከብደዋል።

ከሁሉ ያስተማረችኝ ግን «ሱራ» ናት። አንድ ጎበዝ የጅማ ልጅ ይዟት መጣ። አጭር፣ ለአፍ የምትመች፣ በኦሮምኛ ፎቶ ማለት፣ በዐረብኛም ምስል ማለት። በጣም ወደድኳት። ከዚያ አንድ ሙስሊም ወዳጄን ጠየቅሁ፤ «ሱራ እኮ የቁርአን ምዕራፍም ነው» አለኝ። በዐረብኛ ሁለቱ ቃላት የሚጀምሩበት ፊደል ለየቅል ነው፣ በእኛ ፊደል ሲጻፉ ግን አንድ ይሆናሉ። ኒካህ የሚያነሳ ሰው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያንን ቃል ጽፎ ከግርጌው የዋጋ ዝርዝር ቢለጥፍ ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም። ልጁ ተወው። ስለዚህ ስምሽን ካንቺ ቤት ውጭ ላሉ ሰዎች አሰሚ፤ ለኦሮምኛ፣ ለትግርኛ፣ ለሶማልኛ ተናጋሪ፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም። የምታነሺው የሁሉንም ሰርግ ነው።

መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው ቃልም የራሱን ወሬ ያወራል። «ፎቶ ቤት» ካልሽ ሰው ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ይመጣል፣ አራት በስድስት ስንት ነው ይልሻል፤ እኔ ሃያ ስምንት ዓመት የኖርኩበት ቃል ነውና ክብሩን አውቃለሁ፣ ላንቺ ሥራ ግን አይሆንም። «ስቱዲዮ» ካልሽ ደንበኛው መጥቶ የሚያየው ክፍል ይጠብቃል፤ አንቺ ደግሞ ቦርሳሽን ይዘሽ ሰው ጋ የምትሄጂ ነሽ። «ፕሮዳክሽን» እና «ሚዲያ» ደግሞ የምትሠሪው ፊልም ወይም ዜና ያስመስሉታል፤ የስሙና የፈቃዱ የሥራ መስክ ሲራራቁ መዝጋቢው መጠየቁ አይቀርም። «ፎቶግራፍ» በቂ ነው። «ፎቶግራፊ» ብትይም አልከራከርሽም።

የቦታ ስም አስበሽ እንደሆነም ልንገርሽ፣ አላልሽም ግን ቀጥሎ የሚመጣልሽ እሱ ነው። የእኔ ፎቶ ቤት ስሙን የወሰደው ከሰፈሩ ነበር። ያኔ ትክክል መሰለኝ፤ ሰው ስሙን ሲሰማ መንገዱንም አብሮ ያውቀዋል። በ2016 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ቤቱም ተነሳ። ወደ ሲኤምሲ ሄድኩ፣ ስሙን ይዤ። ደንበኛ እየደወለ «ፒያሳ የት ጋ ነው አሁን?» ይለኛል፤ እኔ ሲኤምሲ ነኝ እላለሁ፤ ሌላ ሰው የደወለለት መስሎት ይዘጋል። አንዳንዱ ተዘግቷል ብሎ ለሌላው አወራ። ሰሌዳ፣ ማኅተም፣ ደረሰኝ፣ የንግድ ምዝገባ ማሻሻያ፣ ሁሉን እንደ አዲስ አስለወጥኩ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ቤቱን ዘጋሁት፣ ሌላም ምክንያት ነበረኝ፣ ስሙ ግን ድርሻ ነበረው። «ቦሌ»፣ «አዲስ»፣ «ኢትዮ»፣ «ሀበሻ»፣ «አቢሲኒያ» የሚሉትንም በዚሁ ደምሪያቸው፤ እነሱ ላይ ችግሩ መነሳት አይደለም፣ መጨናነቅ ነው።

እንግዲህ የራስሽ ስም። ከጥንት ጀምሮ በዚህ ሙያ ሰው የሚታወቀው በስሙ ነው። ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባለው አርመናዊ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ተከትለውት ቤተ መንግሥት አንስተዋል። በኋላ ዘመን ሽመልስ ደስታ መጣ፣ ንጉሡንም ደርግንም ያነሳ። ሙሉጌታ አየነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የወደቀበትን አደጋ አንስቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ሽልማትን ሲወስድ የተጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። አይዳ ሙሉነህን ደግሞ በተለይ ተመልከቺልኝ። ሥራዎቿ የሚታዩት «አይዳ ሙሉነህ» ተብለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስጀመረችው ፌስቲቫል ግን የራሱ ስም አለው፣ «አዲስ ፎቶ ፌስት»። የሌሎችም ቤት እንዲሆን የተሠራ ነገር ስለሆነ በእሷ ስም አልተጠራም። ልክ ነው የምለው ይህን ነው። አንቺ አሁን የምትሸጪው የራስሽን ዓይንና እጅ ነው፤ ሌሎች ሠራተኞች የሚያነሱበት ድርጅት ስትከፍቺ ለሱ የራሱ ስም ይወጣለታል።

ከቦያጂያን ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያስበው። የእነሱ ስም ከአባት ወደ ልጅ የዘለቀው የቤተሰብ ስም ስላላቸው ነው። እኛ የለንም። ያንቺ ስም በልጆችሽ ስም ላይ አይቀጠልም፤ የሚቀጠለው የአባታቸው ነው። ስለዚህ «ልጆቼ ይወርሱታል» ብለሽ በስምሽ ከሰየምሽ እነሱ የሚወርሱት የእናታቸውን ስም የያዘ ሰሌዳ እንጂ የራሳቸውን ስም አይደለም። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ብቻ አውቀሽ ግቢበት። ሥራውን ሸጠሽ መውጣት ብትፈልጊም እንዲሁ፣ ፀሐይነሽ የሌለችበት «ፀሐይነሽ» ዋጋው ይወርዳል። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ካለሽ ንገሪኝ፣ ምክሬን እለውጣለሁ። ጥያቄሽን ሳነበው ግን የገባኝ ሥራሽን የምትወጂ፣ ራስሽ ማንሳት የምትፈልጊ ሰው መሆንሽ ነው።

ለምን ከነአባትሽ? ሦስት ምክንያት አለኝ። «ፀሐይነሽ» ብቻ ቢሆን ሌላም ፀሐይነሽ ትመጣለች። መዝጋቢው ጋ ተመሳሳይ ሊገኝ ይችላል፣ የአባት ስም ሲገባ ግን መመሳሰሉ በእጅጉ ይቀንሳል። ሦስተኛው ከባሕር ማዶ ደንበኞች ጋር የተያያዘ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ደውለው ለአዲስ አበባው ሰርጋቸው ቀን የሚይዙ ሙሽሮች አሉሽ ወይም ይኖሩሻል። እዚያ በልምድ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ስለሚባል የአባትሽን ስም ብቻ ይዘው ሊፈልጉሽ ይችላሉ። ሁለቱም ስም ካለ በየትኛውም ቢመጡ ያገኙሻል።

አሳጥረሽ «ፀሐይ» ልትዪው ካሰብሽ ግን አይሆንም። ጓደኞችሽ እንደዚያ ይጠሩሽ ይሆናል፣ ለብርሃን ሥራም የሚስማማ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ባንክ አለ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ዝግጅት የማያውቅ ወላጅ የለም። ሥራው የተለያየ ስለሆነ ሕግ ባይከለክልሽ እንኳ ፍለጋው ላይ ትጠፊያለሽ።

አሁን ወደ ስምሽ ደካማ ጎን። ስምሽ በአፍ ቀላል ነው፣ የትኛዋም እናት አትረሳውም። ሲጻፍ ግን ይበታተናል። ቁጠሪው፤ መጀመሪያው ፊደል በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ ይጻፋል፣ ሁለተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ። ሁለት በስድስት፣ አሥራ ሁለት ዓይነት። ሰው ሁሉ ትክክል ነኝ ብሎ ይጽፈዋል፣ ፈቃድሽ ላይ ያለው ግን አንዱ ነው። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ በቲና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፣ መሐሉ ላይ አንዱ ዋይ፣ ሌላው አይ ያደርጋል። መፍትሔው አንዱን መርጦ እስከመጨረሻ አለመለወጥ ነው። በፊደላችን ፀሐይነሽ፣ በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ። በላቲኑ በፓስፖርትሽና በባንክ ደብተርሽ ላይ ያለውን። ከዚያ በዚያው ቀን፣ ነገ ሳትዪ፣ የቴሌግራም፣ የኢንስታግራም፣ የቲክቶክና የፌስቡክ ስሙን ያዢው፤ በጣም የተለመደውን ሌላ አጻጻፍም አብረሽ ያዢና ወደ ዋናው ምሪው። ገጽሽ ላይ በመግለጫው ቦታ ሁለት ሦስቱን የአማርኛ አጻጻፍ ጻፊ፣ የሚፈልግሽ ሰው በየትኛውም ይምጣ።

የራስን ስም መያዝ አንድ ሌላ ጥቅም አለው፣ ትንሽ ይመስላል ግን በየሳምንቱ የምታዪው ነው። ደንበኛ ቀብድ ሲልክልሽ በቴሌብርም በባንክም የተቀባዩ ስም ስልኩ ላይ ይወጣል። ገጹ «ትዝታ ስቱዲዮ» ብሎት፣ ስልኩ ላይ የአንዲት የማያውቃት ሴት ስም ሲመጣ እጁ ይቆማል። ማጭበርበር በበዛበት ጊዜ ልክ ነው መቆሙ። ደውሎ ይጠይቅሻል፣ ወይም ሳይጠይቅ ይተወዋል። ገጹም፣ ደረሰኙም፣ ገንዘቡ የሚገባበትም አንድ ስም ሲሆን ይህ ጥያቄ ከናካቴው አይነሳም።

የሕጉን ነገር ባጭሩ ላስቀምጥልሽ፣ እዚህ ላይ ግን አንድ የሚምታታ ነገር ስላለ አትዝለዪው። የንግድ ስም የሚመዘገበው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነ ወይም የሚያሳስት መመሳሰል ያለው ስም አይቀበሉሽም። የመንግሥት ተቋም፣ የሃይማኖት ድርጅት፣ የብሔር ብሔረሰብ ስም፣ ያለ ፈቃዱ የታዋቂ ሰው ስም፣ መልካም ጠባይን የሚነካ ቃል እንዲሁ። ምዝገባው በኢትሬድ በኩል በኢንተርኔት ይሄዳል፤ ከመግባትሽ በፊት አንድ ሳይሆን ሦስት አማራጭ በቅደም ተከተል ያዢ፣ የመጀመሪያው ሲወድቅ እዚያው ቁጭ ብለሽ በችኮላ እንዳትፈጥሪ። ከማውቃቸው መጥፎ ስሞች ብዙዎቹ የተወለዱት በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው።

የሚምታታው ነገር ይህ ነው። የንግድ ስም አንድ ነገር ነው፣ የንግድ ምልክት ሌላ። ፈቃድሽ ላይ ስሙ ሰፈረ ማለት በንግድ ምልክትነት ያንቺ ሆነ ማለት አይደለም። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ባለቤትነቱም የሚገኘው በምዝገባ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ አምስት ዓመት በሠራበት፣ ፈቃድም ባለው ስም ላይ ሌላ ሰው የምልክት ማመልከቻ አስገባ። ማመልከቻው ለተቃውሞ ይፋ ሲሆን ልጁ አላየውም። ካለፈ በኋላ የጠበቃ ደብዳቤ ደረሰው። መከራከር ይቻል ነበር፣ እሱ ግን የክርክር ገንዘብ አልነበረውም፤ ሰርጎች ይዞ ነበር፣ ስሙን ለወጠ። ድምፁ እንዴት እንደነበር አልረሳውም።

አንቺ በዚህ ወር የምልክት ምዝገባ ውስጥ ግቢ አልልሽም፣ መጀመሪያ ፈቃዱን ጨርሺ። የግብረ ሰናዩ ክፍያ ሲገባ ግን የመጀመሪያ ወጪሽ ይሁን። ፎቶ የማንሳት አገልግሎት በዓለም አቀፉ ምደባ 41ኛው መደብ ውስጥ ነው፤ አልበምና ኅትመት ለሌላ ሰው የምታትሚ ከሆነ 40ኛውንም ጨምሪ። ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። ሥራውን ብቻ የሚገልጽ ቃል፣ ለምሳሌ «ምርጥ የሰርግ ፎቶ»፣ ምልክት ሆኖ እንደማይመዘገብልሽም እወቂ፤ ማንም የራሱ ሊያደርገው የማይችል ቃል ነው። የራስሽና የአባትሽ ስም ግን ይለያል።

ስምሽ ከሰሌዳ ውጭም ሥራ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ፎቶግራፍ ጥበቃ እንዲያገኝ ከሚያስቀምጣቸው ሁኔታዎች አንዱ የአንሺው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ መኖሩ ነው፤ ሌሎቹ የስብስብ አካል መሆን ወይም በመጽሐፍ መታተም ናቸው። በየቀኑ ወደ ደንበኛ ስልክ የሚላኩት ፎቶዎችሽ የስብስብ አካል አይደሉም፣ መጽሐፍም ላይ አልወጡም። እንግዲህ የሚቀርሽ ስምና አድራሻሽ ነው። ስለዚህ ካሜራሽ ላይ፣ ካኖንም ይሁን ኒኮን፣ የባለቤትና የቅጂ መብት ስም የሚሞላበት ቦታ በምናሌው ውስጥ አለ፣ ዛሬ ማታ ሙዪው። ለድርጅት የምታስረክቢያቸው ፎቶዎች የፋይል መረጃ ውስጥ ስምሽን፣ ስልክሽንና ከተማሽን አስገቢ። ፎቶው ላይ የምታሳርፊውን ጽሑፍ ግን ትንሽ አድርጊው፤ የሙሽሪት ቀሚስ ላይ በትልቁ የተጻፈ ስም ሙሽሪትን ያስከፋታል፣ ቆርጣም ነው የምትለጥፈው። እዚህም ላይ የፈጠራ ስም ብትይዢ ኖሮ ሁልጊዜ ሁለት ስም ትጽፊ ነበር፣ የሰሌዳውንና የራስሽን።

ለጓደኛሽ ሰላም በዪልኝ። ስሙን የማትወስጂው እሱን ስላልፈለግሽ እንዳይመስለው ቁጭ አድርገሽ ንገሪው፤ ይህ ወሬ ከፈቃዱ በፊት ቢሆን ይሻላል። የቪዲዮውን ሥራ ለግብረ ሰናዩ አብራችሁ የምታቀርቡ ከሆነ የሁለታችሁን የሥራ ድርሻና ክፍያ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፣ ከፈለጋችሁ ላኩልኝና አየዋለሁ።

ኢትሬድ ላይ ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር፦ ፋይዳሽን፣ የግብር ከፋይ መለያሽንና የባንክ ደብተርሽን ጠረጴዛ ላይ ደርድሪያቸውና የስምሽን አጻጻፍ ፊደል በፊደል አስተያዪ። አንዱ ላይ በፀ ሌላው ላይ በጸ ከሆነ፣ ወይም በላቲኑ አንድ ፊደል ከተዛባ፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክዪ። ሰኞ ከሰዓት ስልኬ ክፍት ነው፣ ከተጣበቀብሽ ደውዪ።